ለኮሮላ ባትሪ ልቀይር ነው፤ መካኒኩ፣ ሻጩና ጎረቤቴ የተለያየ ነገር ነገሩኝ። ማንን ልስማ?

ኮሮላ_2004 ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ኮሮላ 2004፣ 1.3፣ ማንዋል ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነው የምትሄደው፤ ቅዳሜና እሁድ ትቆማለች። ባትሪው ከተገዛ 2 ዓመት አልፎታል። በሳምንቱ መሀል ደህና ትነሳለች፣ ሰኞ ጠዋት ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እያቃሰተ ነው፤ ተገፍታ የተነሳችበትም ጊዜ አለ።

ባትሪው ላይ 46ቢ24ኤል፣ 12 ቮልት፣ 45 አምፔር ሰዓት ይላል። በቴስተር ስለካው ሰኞ ጠዋት ሳትነሳ 12.08 ቮልት፣ ተነስታ ምንም ሳይበራ 14.2፣ ትልቁ መብራት፣ ፋኑና ዋይፐሩ በርቶ 13.7 አሳየኝ።

መካኒኩ «ይሄ አንሷታል፣ 70 አስገባባት» ይላል፤ ባትሪውንም እኔው አመጣልሃለሁ ብሏል። ሶማሌ ተራ ያነጋገርኩት ሻጭ ደግሞ ያው ቁጥር ይበቃል፣ ግን የኮሪያ ካልሆነ አትግዛ አለኝ። ታክሲ የሚነዳ ጎረቤቴ «ባትሪው ምንም አልሆነም፤ አሲድ አስጨምረህ ቻርጅ አስደርገው። ትልቅ ባትሪ ዲናሞ ያቃጥላል» ባይ ነው። የማንን ልያዝ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ የፖዘቲቩ ተርሚናል ስለሰፋ ውስጡ ቆርቆሮ ተጠቅልሎበት ነው የታሰረው። ባትሪው ሲገጠም ነው እንደዚያ የተደረገው። ችግር ይኖረዋል?

ቮልት_በቮልት መለሰ፦

ከሦስቱ አንዳቸውም ቴስተር አላነሱም። የለካኸው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ካንተ ቁጥር እንነሳ።

14.2 እና 13.7 ማለት ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም፣ እሱን የሚያዞረው ቺንጋም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ሁሉም በርቶ ከ13.3 በታች ቢወርድ ወይም ከ14.8 በላይ ቢወጣ ነበር ወደ ዲናሞው የምንሄደው። 12.08 ግን ዝቅተኛ ነው። አድሮ ሲለካ 12.65 ገደማ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ። ከመግዛትህ በፊት ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ቻርጁን ማን እንደሚበላው እወቅ። ወይ መኪናዋ ቆማ የምትስበው ከረንት አለ፣ ወይ ባትሪው አርጅቶ መያዝ አቅቶታል። የመጀመሪያው ከሆነ አዲሱንም ባትሪ ይገድለዋል።

ሁለቱን ለመለየት ባትሪውን አውጥተህ ቀስ ባለ ቻርጅ ሙላው። ለ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ4 እስከ 5 አምፔር ነው፤ እንዳንተ ከግማሽ በታች የወረደ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈልጋል። «በሁለት ሰዓት እናደርስልሃለን» የሚሉት በ20 እና በ30 አምፔር የሚገፉት ናቸው። ባትሪው ይግላል፣ ውሃው ይፈላል፣ ፕሌቱ (ውስጡ ያለው ሰሌዳ) ላይ ያለው እርሳስ እየተላጠ ታች ይረግፋል። ከቻርጅ እንደወረደም አትለካ፤ 13 ቮልት ሊያሳይህ ይችላል፣ እሱ ላይ ላዩን ያለ ነው። አንድ ሌሊት ይደርና ለካ። ከዚያ ምንም ሳይታሰርበት ቅዳሜና እሁድን ይቀመጥ። ሰኞም 12.6 አካባቢ ካለ ባትሪው ይይዛል፣ ሌባው መኪናዋ ውስጥ ነው። ማንም ሳይነካው ወደ 12.3 ከወረደ ከባትሪው ነው።

መኪናዋ የምትስበውን ለመለካት ቁልፉን አውጣ፣ በሮቹን ዝጋ፣ ኮፈኑ ብቻ ክፍት ይሁን። የኮፈን መብራት ካላት አምፖሉን ንቀል። ቀዩን የቴስተር ሽቦ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዛውር፣ መራጩን ዲሲ አምፔር ላይ አድርግ። የኔጌቲቩን ገመድ ፍታና ቴስተሩን በባትሪውና በገመዱ መሀል አስገባ። ኮምፒውተሩና አላርሙ እስኪተኙ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ናት። ከዚያ ከበለጠ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀልክ የቱ ላይ ቁጥሩ እንደሚወርድ እይ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ቴስተሩ እንደተገናኘ ቁልፍ እንዳታዞር፤ ሞተሪኖ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ርካሽ ከሆነና ፊውዝ ከሌለው ራሱ ቴስተሩ። ሁለተኛው፣ ጂፒኤስ ወይም በኋላ የተገጠመ አላርም ካላት ብዙ ጊዜ ከፊውዝ ሳጥኑ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ራስ ላይ ነው የሚስቡት። ፊውዝ ስትነቅል ስትውል አታገኛቸውም። ጥቁር ሽቧቸው የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ለብቻው ታስሮ ከሆነ ደግሞ በቴስተሩ ውስጥ ስለማያልፍ ጭራሽ አይቆጠርም። እሱን ፈትተህ ከመኪናዋ ገመድ ጋር አስረህ ለካ።

ባለባትሪ_ቤት መለሰ፦

ባትሪ ሻጭ ነኝ፤ በሻጭ በኩል ያለውን እኔ ልንገርህ።

መጀመሪያ ቁጥሩ። 46 የአቅም ደረጃ እንጂ አምፔር አይደለም፤ 55 የሚለውን አይቶ 55 አምፔር ብሎ የሚገዛ ሞልቷል። ቢ የወርዱ መደብ ነው፣ ቢ ወደ 129 ሚሊሜትር፣ ዲ 173። 24 ርዝመቱ በሴንቲሜትር። ኤል ማለት የባትሪውን ራሶች ወደ አንተ አዙረህ ስታየው ኔጌቲቩ በግራ፣ ፖዘቲቩ በቀኝ ነው። አር ግልባጩ ነው፤ አር ከገዛህ ገመዱ አይደርስም፣ ጎትተው አድርሰው የሚገጥሙ አሉ፣ በኋላ ገመዱ ከብረት ጋር እየተፋተገ ጎማው ያልቃል። ኤንኤስ60ኤል የሚሉህም ይኸው 46ቢ24ኤል ነው፣ የድሮ ስሙ ነው። 60ውም አምፔር አይደለም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። ለእኔ ከጻፍከው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ቢ24 በሁለት ዓይነት ራስ ይመጣል። 46ቢ24ኤል ቀጭን ነው፣ ፖዘቲቩ 14.7 ሚሊሜትር ገደማ፣ ኔጌቲቩ 13። መጨረሻው ላይ ኤስ ሲጨመርበት፣ 46ቢ24ኤልኤስ፣ ወፍራም ይሆናል፤ 19.5 እና 17.9 ገደማ። የመኪናህ ተርሚናል የተሠራው ለወፍራሙ ነው። የሸጠልህ ሰው ቀጭኑን ሰጥቶህ 5 ሚሊሜትሩን በቆርቆሮ ደፈነው። ቆርቆሮ ዙሪያውን አይነካም፤ እዚህም እዚያም በነጥብ ነው የሚነካው፣ ቶሎም ይዝጋል። ሬዲዮና መብራት ትንሽ ስለሚስቡ አያስታውቅም። ሞተሪኖ 120 አምፔር ሲጠይቅ ግን እዚያች ቦታ ላይ 0.005 ኦም ብቻ ብትኖር 0.6 ቮልት እዚያው ይቀራል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ትችለዋለህ፣ ሰኞ ጠዋት በ12.08 አትችለውም።

እንዲህ አረጋግጥ። አንዱን የቴስተር ጫፍ ከባትሪው የወጣው እርሳስ ራስ አናት ላይ፣ ሌላውን ተርሚናሉ ላይ አድርግ፣ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ሞተሪኖው ሲዞር ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ግንኙነቱ መጥፎ ነው። በኔጌቲቩም ድገመው። ቀጭኑን ባትሪ ማቆየት ከፈለግህ ለዚሁ የተሠራ የእርሳስ ቀለበት አለ፤ ቆርቆሮም ምስማርም አይተካውም። ባትሪ የምትቀይር ከሆነ ግን ኤልኤስ ብለህ ጠይቅ።

ስለ 70ው። መካኒኩን ወዲያው አታጣጥለው። ባትሪው የተቀመጠበትን ትሪ በሜትር ለካ። ወርዱ 173ቱን የሚይዝ ከሆነ ፊት የነበረው ዲ23 ሊሆን ይችላል፣ የቀድሞ ባለቤት ለመቆጠብ ቢ24 አስገብቶበት ነው፣ ስለዚህ ወደ 60 አምፔር ሰዓት የሚሆነው 55ዲ23ኤል ትክክል ይሆናል። ትሪው የቢ ከሆነ ዲ በግድ ተቀምጦ ማሰሪያ አይይዘውም። በኮብልስቶንና በኮረኮንች ላይ ያልታሰረ ባትሪ ፕሌቱ ይሰበራል፤ ቁመቱ ከበለጠም ፖዘቲቩ ኮፈኑን ይነካና እሳት ነው።

መካኒኩ አመጣለሁ ማለቱ ራሱ ነውር አይደለም፣ ኮሚሽን በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ግን ደረሰኙ በማን ስም እንደሚወጣ ጠይቀው። ዋስትናው ስሙ ደረሰኙ ላይ ላለው ሰው ነው።

«የኮሪያ ካልሆነ» ለሚለው፣ ሮኬት፣ ሶላይትና አትላስ የኮሪያ ናቸው፣ አማሮን የሕንድ ነው፣ ሁሉም ደህና ባትሪ ይሠራሉ። እኔ ከአገሩ ይልቅ ቀኑን አያለሁ። መጋዘን ውስጥ ሳይሞላ ዓመት የቆየ ጥሩ ስም፣ 2 ወር የሆነው መካከለኛ ስም አይደርስበትም፤ ሲቀመጥ ራሱን ያወርዳል፣ ፕሌቱ ላይ ሰልፌት ይደርቅበታል። ቀኑ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ወይም ጎኑ ላይ የታተመ ኮድ ነው፤ አንዳንዶቹ ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በመጨረሻው አኃዝ ይጽፋሉ። እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ አለ፦ ኮዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ደረሰኙ በኛ። 5 የምትል አኃዝ 2025 እንጂ 2015 ዓ.ም. አይደለችም። ሻጩ ኮዱን ማንበብ ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ቴስተርህን አውጣ፦ 12.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ውሰድ፣ ከ12.4 በታች ከሆነ ሌላ አምጣ በለው።

ታድሶ እንደ አዲስ የሚሸጥም አለ። ራሱ ላይ የተርሚናል ጭረት ወይም በወረቀት የተፈገፈገ ምልክት ካለ፣ ስቲከሩ ከሥሩ ሙጫ ካሳየ ተወው። ሚዛን ካለ አስመዝነው፤ አሲድ የገባበት ቢ24 ከ11 እስከ 13 ኪሎ ነው፣ ብዙ ከቀነሰ እርሳሱ ጎድሏል። አሲድ ሳይገባበት ደርቆ የሚመጣውን ከወሰድክ ደግሞ አሲዱ ከተሞላ በኋላ 30 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ ቀስ ባለ ቻርጅ ይሞላ። ሞልቶ ወዲያው መኪና ላይ የሚያስር ሰው ቸኩሎ ነው።

ድሬ_ሞተር መለሰ፦

ስለ አሲዱ ማንም አልነካውም። ጎረቤትህ ታክሲ ስለሚነዳ ስለ መኪና ብዙ ያውቃል፤ በዚህ ግን አትስማው።

ከባትሪ የሚያልቀው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ ስትጨምርበት ሃይድሮሜትሩ (የአሲዱን ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ) ከፍ ይላል፣ መኪናዋም ለጥቂት ሳምንት ደህና ትነሳለች፣ ሰዉም «አየህ ሠራ» ይላል። ፕሌቱ ግን እየተበላ ነው። የቧንቧ ውሃም የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፣ ክሎሪንና ማዕድን አላቸው። ፕሌቱ ካልተጋለጠ ውሃውን ከቻርጅ በኋላ ጨምር፤ ከፕሌቱ በላይ 10 ሚሊሜትር ያህል ይበቃል። ከቻርጅ በፊት እስከ አፉ ከሞላህ ሲሞቅ ይገነፍልና አሲዱ ትሪውን ይበላዋል።

ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ሃይድሮሜትር ገዝተህ ስድስቱንም ሴል ለካ። 1.265 ሙሉ፣ 1.225 ሦስት አራተኛ፣ 1.190 ግማሽ ነው። ዋናው ግን ልዩነታቸው ነው። አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.05 ካነሰ ያ ሴል ሞቷል፣ ቻርጅ አይመልሰውም።

ትልቅ ባትሪ ዲናሞ ያቃጥላል የሚለው ተረት ነው። ዲናሞው ከ14 ቮልት በላይ ብዙ አይወጣም፣ ባትሪው የሚወስደው እንደጎደለው መጠን ነው። ዲናሞን የሚያደክመው ጭልጥ ብሎ ያለቀን ባትሪ በኬብል አስነስቶ «እየሄደ ይሞላል» ማለት ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ።

ሲሲኤ (በብርድ ሞተር የማስነሳት አቅም) ከፍ ያለ ነው ብለው ዋጋ ሊጨምሩብህ ይሞክራሉ። ሲሲኤ የሚለካው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ነው፣ አዲስ አበባ እንደዚያ አይበርድም። መጠኑ ከነበረው ካላነሰ ይበቃሃል። እኛ ቆላ ያለነው ጠላታችን ሙቀቱ ነው፤ በየ10 ዲግሪው ውስጡ ያለው ዝገት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ድሬ፣ መተሐራ ወይም ሰመራ ለሚነዳ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ይሻላል፣ በየወሩም ይታይ። አንተ ደጋ ስለሆንክ የታሸገውም ይሆንሃል።

ኢቪ_ነጂ ጠየቀ፦

በዚሁ ላይ ልጠይቅ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው አይደል? ከዚሁ ቤት ልግዛ?

ቮልት_በቮልት መለሰ፦

አለው፤ እሱ ሲሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይከፈትም። ግን መጀመሪያ ዓይነቱን እይ። ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች 12 ቮልቱም ሊቲየም ነው፣ በእርሳስ አይተካም። ኤጂኤም (አሲዱ በምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተያዘ ባትሪ) የተባለውንም በኤጂኤም ነው የምትተካው። ሲቆም ሞተር የሚያጠፋ አዲስ የጃፓን መኪና ያለውም እንዲሁ፦ ኤን-55 ወይም ኪው-85 ከተባለ በዚያው ኮድ ግዛ። ኤን-55 የቢ24ን ያህል ነው፣ ቦታው ስለገጠመ ብቻ ተራ ቢ24 የሚያስገቡ አሉ፣ ቶሎ ያልቃል።

ኮሮላ_2004 ጻፈ፦

እናመሰግናለን። ለካሁ። ትሪው የቢ ነው፣ 70 አይገባም። መኪናዋ ቆማ 0.21 አምፔር ትስብ ነበር፤ ጂፒኤሱ ሲነቀል ወደ 0.03 ወረደ። ፖዘቲቩ ላይ ሞተሪኖው ሲዞር 0.55 ቮልት ይቀራል፣ ኔጌቲቩ 0.04። ባትሪው ተሞልቶ ካደረ በኋላ 12.62፣ ለብቻው ተቀምጦ ሰኞ 12.47። ሃይድሮሜትር፦ 1.250፣ 1.250፣ 1.245፣ 1.255፣ 1.180፣ 1.250። ታዲያ ባትሪ ልግዛ ወይስ ጂፒኤሱን ነቅዬ ልተወው?

ቮልት_በቮልት መለሰ፦

ቁጥሮችህ እርስ በርስ ይስማማሉ። በሃይድሮሜትሩ ላይ 0.84 ስትጨምርበት የሴሉን ቮልት ይሰጥሃል፤ ስድስቱን ደምራቸው፣ 12.47 ይመጣል። አምስተኛው ሴል ከሌሎቹ በ0.07 አንሷል፣ እሱ አይመለስም። የሆነውም እንዲህ ነው፦ 0.21 አምፔር ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት፣ 60 ሰዓት፣ ወደ 12.6 አምፔር ሰዓት ነው። ከ45ቱ ሩብ በላይ በየሳምንቱ እየወጣ፣ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሳይሞላ እየቆየ ደካማው ሴል ሄደ።

ስለዚህ ግዛ፣ ግን ጂፒኤሱን አስቀድመህ። የተኛ ጂፒኤስ ይህን ያህል አይስብም፤ ወይ የእንቅልፍ ሁነታው አልተስተካከለም ወይ ተበላሽቷል። የገጠሙትን ጠይቃቸው። እምቢ ካሉ የቁልፉ ኤሲሲ (ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው መስመር) ላይ አታሳስረው፣ መኪናዋ ስትቆም ይጠፋና ለሌባ አይጠቅምህም፤ ሌላ ቀይረው።

ሻጩ ዲጂታል መመርመሪያ አምጥቶ «ያንተው ገና 80 በመቶ ነው» ካለህ ወይም የአዲሱን ጤንነት ሊያሳይህ ከፈለገ፣ ማሽኑ ላይ የተመረጠው መስፈርት ባትሪው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን እይ፦ የአውሮፓው ኢኤን፣ የጃፓኑ ጂስ ወይም የአሜሪካው ኤስኤኢ። መስፈርቱ ሲቀየር ያው ባትሪ ጥሩም መጥፎም ሊባል ይችላል።

ባለባትሪ_ቤት መለሰ፦

46ቢ24ኤልኤስ ነው የምትለው። ደረሰኙ ላይ የባትሪው ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ፣ የተሸጠበት ቀን ይጻፍ፣ ዋስትናው 6 ወርም ይሁን 1 ዓመት ከምን ቀን ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍ። «ቻርጅ አድርገን እንመልሳለን» እና «እንቀይራለን» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ከመክፈልህ በፊት አስጽፍ።

ስትገጥም በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍታ፣ ስትመልስ መጨረሻ ላይ እሰረው። ፖዘቲቩን ስትፈታ ቁልፉ ቦዲውን ቢነካ ኔጌቲቩ ስለተፈታ ምንም አይሆንም። ቆርቆሮውን ጣለው። ተርሚናሉን ውስጡን በቤኪንግ ሶዳና ውሃ እጠብ፣ አድርቀው፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈግፍግ። በመዶሻ እየመታህ አታስገባ፣ ራሱ ከፕሌቱ ይላቀቃል። ስታስረው በእጅህ ስታዞረው የማይነቃነቅ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ካጠበቅህ እርሳሱ ይሰነጠቃል። ቫዝሊን ከታሰረ በኋላ ከላይ ቀባ። የላይኛውን ማሰሪያ ብረት አትርሳ፣ ከጠፋ አስበይደው። ከተነሳች በኋላ 0.1 ቮልቱን ፈተና አንዴ ድገመው።

አሮጌውን ሻጩ ከዋጋው ቀንሶ ይወስደዋል፤ ካልቀነሰ ሌላ ቤት ጠይቅ። ለቆራሌው ከሰጠኸውም ከነአሲዱ ስጥ፣ ቱቦ ውስጥ ደፍተህ አይሁን።